ጥይት የማይቆጠርበት ደጃፍ

አንድን ዕቃ በዓይን ብቻ አብጠርጥራችሁ ካወቃችሁት በኋላ፣ በእጃችሁ ስትይዙት ጨርሶ የማታውቁት ሆኖ አግኝታችሁት ታውቃላችሁ? እኔ ደርሶብኛል። ዕቃው ጠመንጃ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት በስክሪን ላይ ያልተኮስሁት የጠመንጃ ዓይነት የለም፤ ካዝና ስቀይር፣ ሳቀባብል፣ ድምፅ ማፈኛ ገጥሜ ከጣሪያ ጣሪያ ስዘል ከርሜአለሁ። እውነተኛውን ግን አጎቴ ክንዶቼ ላይ ሲያኖሩልኝ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ፣ "ይኼን ይዞ ጣሪያ ላይ የሚሮጠው ሰውዬ ምን እየበላ ነው?" የሚል ነበር።

ከመነሻው ልጀምር። መምህር ነኝና ከመሀል መጀመር አይሆንልኝም።

ጎንደር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከታናሽ እህቴ ጋር ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እህቴ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃ በሙያዋ ሥራ ስላጣች ፒያሳ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ የሌላ ሰው መመረቂያ ጽሑፍ ስትተይብ ትውላለች። ቤት ስትመለስ ደግሞ አሮጌ ላፕቶፗን ከፍታ ጌም ትሠራለች። ልጅ ሆና የደብተሯ ጀርባ ሁሉ በቤትና በሰው ሥዕል የተሞላ ነበር፤ አሁን ቤቶቹ በር አላቸው፣ ሰዎቹም ይራመዳሉ።

ሁለታችንም የምንወደው የውጭ አገር ጌም ነበር፤ ስለ ሰላዮች ነው። ውስጡ ያሉት ሽጉጦችና ጠመንጃዎች ፈጠራ አይደሉም። በእውኑ ዓለም ያሉ መሣሪያዎች ናቸው፤ ስማቸው ብቻ ትንሽ ተቀይሯል። እንዲህ ያለ ጌም ለማታውቁ አንድ ነገር ላስረዳ። ተጫዋቹ የራሱን ፊት አያይም። የሚያየው ከስክሪኑ ሥር ብቅ ያሉ ሁለት እጆችንና የያዙትን መሣሪያ ነው። ሰዓታት ሙሉ ዓይኑ ሥር የሚኖረው ያ መሣሪያ ስለሆነ ጠመንጃው የሰውየው ፊት ነው ማለት ይቻላል። ሠሪዎቹ ለእያንዳንዷ ብሎንና ጭረት የሚጨነቁት ለዚህ ነው። ጥግ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ቁጥር አለ፤ የቀረ ጥይት። እጃችሁ ይተኩሳል፣ ዓይናችሁ ቁጥሩን ይጠብቃል።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ጌም የሚሠራ ድርጅት ባለሙያ እንደሚፈልግ እህቴ ሰማች። የሥራ ናሙና ላኩ ተባለ። እሷም ከዚያ ከምንወደው ጌም አይታ ባለማፈኛ ሽጉጥ ሠርታ ላከች። እኔ ሳየው እውነተኛ ነው ብዬ ነበር። የመጣው መልስ ግን አጭር ነው፤ ሥራሽ ንጹሕ ነው፣ ይህንኑ ሽጉጥ ግን ከብዙ ሰው ተቀብለናል፤ ሌላ ቦታ አይተነው የማናውቀውን ነገር እስከ ወሩ መጨረሻ አሳዪን።

እህቴ መልሱን ካነበበች በኋላ ላፕቶፑን ቀስ ብላ ዘጋችው።

"ይኼኛው ካልሆነ እሸጠዋለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"ላፕቶፑን። ከዚያ ወዲያ በዚህ ቤት ጌም የሚባል ነገር እንዳታነሣብኝ።"

እህቴ ለማስፈራራት የምትናገር ሰው አይደለችም። አደርጋለሁ ያለችውን ታደርጋለች። ያ ወር ከእርሷ ይልቅ እኔን ያስጨነቀኝ ለዚህ ነበር።

አንድ ሐሳብ ግን ነበራት። በጣሊያን ጊዜ ጠላት መሥሪያ ቤት ውስጥ በአስተርጓሚነትና በጸሐፊነት ተቀጥረው፣ ጫካ ላሉት አርበኞች ወሬና ጥይት የሚያወጡ ሰዎች ነበሩ፤ የውስጥ አርበኞች ይባላሉ። "ሰላይ ማለት እነሱ አይደሉም እንዴ? ለምን የሰው አገር ሰላይ እከተላለሁ?" አለች። የጌሟ ጀግና አስተርጓሚ ሆነ። ፒያሳን በየቀኑ ስለምትሄድባት ሕንፃዎቹን ለመሥራት አልተቸገረችም። የቸገራት ጠመንጃው ነው። በዚያ ዘመን ሰው እጅ የነበረውን ጠመንጃ ኢንተርኔት ላይ ብታገኘውም ከጎኑ ብቻ የተነሣ ፎቶ ነው፤ ሆዱ አይታይ፣ ሰደፉ ላይ እጅ የላሰው ቦታ አይታይ።

"አያ ቤት ግድግዳው ላይ ያለውስ?" አልሁ።

አያ የምንለው የአባታችንን ታላቅ ወንድም ነው። ከዳባት ወጣ ብሎ ባለ መንደር ገብስና ባቄላ ያርሳሉ። ከአባታቸው የወረሱት፣ የቤልጅየም ሥራ ነው ብለው 'ቤልጅግ' የሚሉት አሮጌ ጠመንጃ ምድጃው ፊት ለፊት ተሰቅሎ ነው ያደግነው። ጥይቱ መገኘት ካቆመ ዘመን አልፏል፤ ቢሆንም በየበዓሉ ቅባት ይቀባል።

የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ሲገባ፣ መንገዱ ደኅና ነው የተባለ ሰሞን ጠብቀን በሚኒባስ ወጣን። ወለቃን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው እህቴ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ እንደታቀፈች ነበር። እዚያ መብራት ስለሌለ ባትሪውን እስከ አፉ ሞልታዋለች፤ ካለቀ አለቀ ነው። እኔ በበኩሌ እንደ ልማዴ ተሰናድቻለሁ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ሜትር፣ እስክሪብቶ፣ ወረቀትና ጠመኔ አለ።

ስንደርስ ከሰዓት በኋላ ነበር። አጎቴ ደስ አላቸው፤ ሚስታቸው ዳቦና ጠላ አቀረቡ። ጠመንጃው እቦታው ተሰቅሏል። የአገር ቤት ሰላምታ እንዳለቀ እኔ ሜትሩን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

"አያ፣ የመጣነው ስለ ጠመንጃው ነበር" አልሁ በክፍል ውስጥ ድምፄ። "ርዝመቱን እለካለሁ፣ ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር እጽፋለሁ፣ ከዚያ ፎቶ አንሥተን እንሄዳለን።"

"ቁጥሩን?" አሉ።

"አዎ፣ ቁጥሩንም።"

"ለማን ነው የምትጽፈው?"

"አዲስ አበባ ላለ ድርጅት ነው አያ።"

እህቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ምን እንዳጠፋሁ ግን አልገባኝም። አጎቴ ጠላቸውን ጠጥተው ብርጭቆውን አስቀመጡ።

"ሸጋ" አሉ። "ነገ ይደረሳል።"

በማግስቱ ጠዋት ግድግዳው ላይ የቀረው የተሰቀለበት እንጨት ብቻ ነበር።

"አያ፣ ጠመንጃውስ?"

"የቱ ጠመንጃ?"

"ትናንት እዚህ የነበረው።"

"እሱንማ ሸጥሁት፤ ከረመ።"

"ትናንት አየሁት እኮ!"

"ዓይንህ ነው ልጄ። መጽሐፍ አብዝተሃል።"

ሚስታቸው ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዙረው ትከሻቸው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እህቴ እጄን ይዛ ወደ ደጅ አወጣችኝ።

"መምህር፣ አንተ እኮ ሰው ቤት ገብተህ ቆጠራ ነው የጀመርኸው!"

ያን ጊዜ ገባኝ። በገጠሩ የሕዝብ ቆጠራ ሲመጣ ቆጣሪው መምህር ነው፤ ምርጫ ሲመጣ መዝጋቢው መምህር ነው። መምህር ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ሲመጣ መንግሥት መጣ ማለት ነው። በዚህ ላይ የጠመንጃ ቁጥር ጽፌ ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ ብያለሁ። አጎቴ የወንድማቸውን ልጅ "ሰላይ ሆነህ መጣህብኝ" ላለማለት ነው ጠመንጃውን የሸጡት። እኔ ተመልሼ ላስረዳቸው ተነሣሁ። እህቴ ግን "አንተ ከእንግዲህ ምንም አታስረዳ" አለችና ላፕቶፑን ይዛ ገባች።

መደቡ ላይ ከአጎቴ ጎን ተቀምጣ ከፈተችው። ስለ ጠመንጃ ቃል አልተነፈሰችም። "አያ፣ የምሠራውን አላሳየሁዎትም እኮ" ብቻ ነው ያለችው። ፒያሳ ስክሪኑ ላይ ብቅ ስትል አጎቴ ጠጋ አሉ።

"ጎንደር ናት!"

"ናት። የጣሊያን ጊዜዋ ጎንደር።"

"ይኼ ኮት ለባሹስ ማነው?"

"አስተርጓሚ ነው። ለጣሊያን የሚሠራ መስሎ ለኛ የሚሰልል።"

"አይ ጀግና! ወዴት ይሄዳል?"

"ገጠር ወዳጅ አለው። መልእክት ሊቀበል እሱ ቤት ሊገባ ነው።"

ሰውየው ሜዳውን አቋርጦ አንድ ጎጆ ደረሰ። እህቴ ቁልፉን ተጫነች፤ ሰውየውም እንደማንኛውም የስለላ ጌም ጀግና በሩን በትከሻው ገፍቶ፣ ጠመንጃውን እንደወደረ ገባ። ባለቤቱ ከመደቡ ተነሥቶ እጅ ነሣ።

"ኧረ ተው! ኧረ ተው አንተ ሰው!" አጎቴ ብድግ አሉ። "ምነው ልጄ? ወዳጁ ነው አላልሽም?"

"ነው።"

"ታዲያ አፈሙዙን ደረቱ ላይ ደግኖ እንደምን ዋልህ ይባላል? ይኼ ምኑ ሰላይ ነው? ሽፍታ ነው እንጂ! ሽፍታም እንኳ ያፍራል።"

ሚስታቸው ከምድጃው ዘወር አሉ። "አንተስ አባቴ ቤት ለሽምግልና ተከትለህ ስትመጣ እንዲሁ አልነበር የገባኸው? አባቴ እኮ 'ይኼ ልጅ ሊያገባ ነው የመጣው ወይስ ሊማርክ?' ብሎ ሰው አሳቀብህ።"

"ልጅ ነበርሁ!"

"ጢምህ እዚህ ደርሶ ነበር።"

አጎቴ ወደ እህቴ ዞረው እየተቆጡ ማስረዳት ጀመሩ። ጠመንጃ የያዘ እንግዳ አጥሩ ላይ ሆኖ ይጣራል። ባለቤቱ ሲወጣ፣ እፊቱ ጥይቱን ያወጣል። ከዚያ አፈሙዙን ወደ ሰማይ፣ ሰደፉን ወደ ባለቤቱ አድርጎ በሁለት እጁ ይሰጣል። ባለቤቱም በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ጠመንጃውንም ጥይቱንም ከእንግዳው ራስ በላይ ይሰቅለዋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእንግዳው ነፍስ የባለቤቱ አደራ ናት።

"ሲወጣስ?" አለች እህቴ።

"ሲወጣ ባለቤቱ አውርዶ ይሰጠዋል። ይቀበላል፣ ይሄዳል።"

"ጥይቱን ቆጥሮ?"

አጎቴ የሰደበቻቸው ያህል ደነገጡ። "ምነው! አብሮ የበላ ሰው ጥይት ይቆጥራል? ከቆጠርህማ ሌባ ነህ አልኸው ማለት ነው። ቢጎድልም ጎደለ ነው፤ መንገድ ላይ ታየዋለህ እንጂ እዚያ ደጃፍ ላይ አይቆጠርም።"

እህቴ ላፕቶፑን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። እንዲህ ስታደርግ አውቃታለሁ፤ ሐሳብ ሲገባት ነው።

"አያ" አለች፣ "ሲሰጥና ሲቀበል እጁ እንዴት እንደሚሆን ቢያሳዩኝ። በምንም ዕቃ ይሁን። በበትርም ይሆናል።"

አጎቴ በትሩን አነሡ፤ ያዙት፣ አዞሩት። "በበትር አይሆንም፤ ሚዛኑ ሌላ ነው" አሉና መልሰው አስቀመጡት። እኔን አዩ። ሜትሩ እጄ ላይ እንደሌለ ያረጋገጡ ይመስለኛል። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብተው ትልቁን የገብስ ጎታ ከፈቱና ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው አስገቡ። የሸጡት ጠመንጃ ከነገለባው ወጣ። ወደ ታች ሲያዘነብሉት ከአፈሙዙ የገብስ ፍሬ ተንጠባጠበ።

ሚስታቸው "ገዢው መለሰልህ?" አሉ።

"ዝም በይ አንቺ።"

አጎቴ እንግዳ ሆኑ፣ እኔ ባለቤት። አጥሩ ላይ ሆነው ተጣሩ፤ ወጣሁ። ጥይት ስለሌለ ጥይት ያወጡ መስለው የማቀባበያውን እጀታ ስበው ባዶነቱን አሳዩኝና በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ክብደቱ ትከሻዬን ወደ ታች ሳበው። እህቴ በስልኳ እየቀረጸች ነበር፤ አጎቴ ሦስት አራት ጊዜ አስደገሙኝ። "ከአፈሙዙ አትያዝ! ውሻ በጅራቱ ነው የምትይዘው?" እያሉ። ስሕተቴን በደስታ የሚያርም መምህር ማግኘት ምን እንደሚመስል ያን ቀን በተማሪዎቼ ቦታ ሆኜ አየሁት።

ከዚያ በኋላ ጠመንጃውን ደጅ አውጥተን፣ ጥላ ውስጥ ጋቢ ላይ አስተኛነው። ከብዙ አቅጣጫ የተነሡ ፎቶዎችን ኮምፒውተሩ አንድ ላይ አጋጥሞ ቅርጹን መልሶ ይሠራል፤ ነገር ግን የሚያብለጨልጭ ብረት ያስቸግረዋል። ጠመኔ ይዤ መሄዴ እዚህ ላይ ጠቀመን። ፈጭቼ ብረቱ ላይ በጣቴ ነሰነስሁ።

"ፓውደር ቀባችሁት?" አሉ አጎቴ። "ሊሞሸር ነው?"

አቧራው ከአፈሙዙ ሥር ባለው ብረት ላይ የተቀረጹ የላቲን ፊደሎችን አጎላቸው። እህቴ ስልኳ ውስጥ ካጠራቀመቻቸው ፎቶዎች ጋር አስተያየችና ፈገግ አለች። "አያ፣ ይኼ ቤልጅግ አይደለም። ጣሊያን የተሠራ ነው።"

"ቤልጅግ ነው! አባቴ ቤልጅግ ብሎ ነው የሰጠኝ።"

"ፊደሉ እኮ የጣሊያን ከተማ ስም ነው።"

"ፊደል ሰው ነው የሚጽፈው።"

ሚስታቸው "ጣሊያን ከሆነማ ይሻላል፤ ከጠላት እጅ ተማርኮ የመጣ ነው ማለት ነው" አሉ። አጎቴ ጎንበስ ብለው ፊደሎቹን በጣታቸው ዳሰሱ።

"ቤልጅግም ሆኖ ይማረካል" አሉ።

ጎንደር ከተመለስን በኋላ እህቴ ከፎቶ ኮፒ ቤት ስትመጣ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ትቀመጣለች። ጠመንጃው ቅርጽ ያዘ፤ ሰደፉ ላይ እጅ የላሰው ቦታ፣ ማንገቻው የበላው እንጨት ሁሉ ታየ። ከዚያ ግን እኔን ያላማከረችው ነገር አደረገች። ጀግናዋ ጎጆው ደጃፍ ሲደርስ ጠመንጃውን ይሰጣል። ስክሪኑ ላይ ሁለት ባዶ እጆች ይቀራሉ። ጥግ ላይ ያለው የጥይት ቁጥርም አብሮ ይጠፋል።

"ቆይ፣ ይኼ የተኩስ ጌም ነው" አልሁ። "ናሙናው ደግሞ ጠመንጃ ነው። ዋናውን ዕቃ ከስክሪኑ ታጠፊያለሽ? ማን ይጫወተዋል?"

"ተጫወተውና ንገረኝ።"

ተጫወትሁት። ጎጆው ውስጥ ከባለቤቱ ሌላ አንድ የማላውቀው ሰው ተቀምጧል። ወሬው ስለ ዝናብና ስለ በሬ ነው። እጄ ባዶ ስለሆነ ያለኝ ጆሮዬ ብቻ ሆነ፤ ያ ሰው ያለ ቦታው የጠየቃትን አንዲት ጥያቄ ሰማሁና ባንዳ መሆኑን ጠረጠርሁ። ምንም ማድረግ አልችልም። ጠመንጃዬ ከራሴ በላይ ተሰቅሏል፤ ቀና ብዬ ሳየውም ሰውየው ያየኛል። ስወጣ ባለቤቱ አውርዶ ሰጠኝ። ቁጥሩን ፍለጋ ጥጉን አየሁ።

"ስንት ጥይት ነው ያለኝ?"

"አይቆጠርም" አለች እህቴ።

"ቢጎድልስ?"

"ወዳጅህን ትጠረጥራለህ?"

ቁልቁለቱን ስወርድ ከፊቴ ወታደሮች ብቅ አሉ። እኔ ጣሪያ ለጣሪያ ዘልዬ ያን ሁሉ ጥይት የጨረስሁ ሰው፣ አንዷን ለመተኮስ እንዲህ አስቤ አላውቅም። ድንጋይ ሥር ተደብቄ እስኪያልፉ ጠበቅሁ። እህቴ ከኋላዬ ስትስቅ ሰማሁ፤ ብዙ ጊዜ ያልሰማሁት ሳቅ ነበር።

የወሩ መጨረሻ ሳይደርስ ላከችው። መልሱ ቆየ። እሷ ሥራዋ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ አታነሣውም፤ እኔም አላነሣም። አንድ ቀን የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ሆኜ ስልኬ ጠራ። እህቴ ናት፤ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ከጀርባዋ ይጮኻል።

"ደውለውልኝ ነበር" አለች።

"እሺ?"

"ስለ ጠመንጃው አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉት፤ ጥሩ ነው አሉ። የቀረውን ሰዓት ሁሉ የጠየቁኝ ስለ ደጃፉ ነው። ማን ነገረሽ፣ ሌላስ እንዲህ ያለ ምን አለ፣ ሴት እንግዳ ስትሆንስ፣ ጠላት ቢሆንስ... ግማሹን አላውቀውም አልኋቸው፤ አያን እጠይቃለሁ አልሁ።"

"ታዲያ ወሰዱሽ?"

"ለሙከራ ጊዜ። እዚሁ ጎንደር ሆኜ እሠራለሁ። ከሙከራው በኋላ የሚሆነውን ያን ጊዜ እናያለን።"

መምህራኑ ሁሉ ዞረው እንዳዩኝ አስታውሳለሁ፤ ጮኼ ነበር መሰለኝ። እህቴ አሁን ፎቶ ኮፒ ቤቱን ትታለች። ሙከራው አላለቀም፤ ቢሆንም ላፕቶፑን ስለ መሸጥ የሚያወራ የለም። አጎቴ በየሳምንቱ ከገበያ ይደውሉላታል። ሰላምታውን በአጭሩ ጨርሰው ስለዚያ ኮት ለባሽ ይጠይቃሉ፤ ሌላ ቤት ገባ ወይ፣ አገባቡስ እንዴት ነበር ይላሉ። ያጠፋው ነገር ካለ ይቆጣሉ፤ እሷም ትጽፋለች።

እናንተም እስኪ ሞክሩት። ዘመድ ቤት ግድግዳ ላይ ጠመንጃም ይሁን ጎራዴ፣ ኮርቻም ይሁን በገና የተሰቀለ ነገር ካለ፣ ወደ ባለቤቱ ባዶ እጃችሁን ሂዱ። በምን ይሠራል፣ ስንት ዘመኑ ነው ብላችሁ አትጀምሩ። "ይኼን ይዘህ ሰው ቤት ስትገባ የት ታኖረዋለህ?" በሉት። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ፤ ከመደቡ ተነሥቶ ማሳየት ከጀመረ ደግሞ ተነሥታችሁ ተቀበሉት።